ደብዳቤው በእጅህ የሚያልፍ ከሆነ ግባበት

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በሒሳብ አያያዝ ደረጃ 4 ጨርሼ የብቃት ምዘናውንም አልፌአለሁ። በሙያዬ ሥራ ፈልጌ ሳጣ አንድ በቡና ንግድ የተሰማራ ድርጅት የቢሮ ረዳት ሆኜ እንድጀምር ጠርቶኛል። ደመወዙ ትንሽ ነው። አጎቴ ‹የሴት ሥራ ነው፤ ሻይ አቅራቢ ሆነህ ትቀራለህ› ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ግባበት ትላለች። የቢሮ ረዳትነት ሰው የሚያድግበት ሙያ ነው ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ? ከገባሁስ ምን ልማር? ማታ ማታ ዲግሪ ልቀጥል ወይስ የጽሕፈት ሥልጠና ልውሰድ? እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ሰኞ ቅርብ ስለሆነ ከውሳኔው ልነሣ። አጎትህ የፈሩት ነገር በየቢሮው ሲደርስ አይቼዋለሁ፤ እናትህ ያሰቡትም ሲሳካ አይቼዋለሁ። በዚህችው ከተማ በጽሕፈት ሥራ የኖርኩ፣ አሁንም ወጣቶችን በዚሁ ሙያ የማሠለጥን ሰው ነኝና፣ አንዱን ረዳት ከሌላው የሚለየው ምን እንደሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ትልቅነት አይደለም፤ የመነሻ ደመወዙም አይደለም። የድርጅቱ ደብዳቤ በማን እጅ ያልፋል? ጥያቄው ይህ ነው። በአንተ እጅ የሚያልፍ ከሆነ ሙያ ውስጥ ገብተሃል፤ በሌላ ሰው እጅ አልፎ አንተ ፎቶ ኮፒ ለማንሣትና ቁልፍ ለማቀበል ብቻ የምትፈለግ ከሆነ ግን አጎትህ ያሉት ይደርሳል።

ስለዚህ ሰኞ ስትሄድ ስለ ደመወዝ ከማንሣትህ በፊት ይህን ጠይቅ፦ «ገቢና ወጪ ደብዳቤ የሚመዘግበው ማነው? ፋይሉስ በማን ኃላፊነት ይቀመጣል?» «አንተ ነህ» ካሉህ ሳትውል ሳታድር ተቀበል። «ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት» ካሉህ፣ መዝገቡ ለአንተ እንዲተላለፍ በትሕትና ጠይቅ፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ራሷ ደስ ይላታል እንጂ አትቀየምህም። ግር ብሏቸው እርስ በእርስ ከተያዩና መዝገብ የሚባል ነገር እንደሌለ ከገባህ፣ እንዳትደነግጥ፤ ከሦስቱ የተሻለው ዕድል ይኸኛው ነው። ድርጅቱ ያላወቀውን ችግሩን አንተ ታቃልልለታለህ፤ ያቃለልክበት መንገድም የአንተ ሆኖ ይቀራል።

መዝገብ መያዝ ቀላል ሥራ ይመስላል። አንድ ደብዳቤ ከበር እስከ ማህደር የሚሄድበትን መንገድ ላሳይህ፤ ሙያው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ መልእክተኛ ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዞ መጣ እንበል። ፖስታውን ከፍተህ መጀመሪያ የምታየው አባሪውን ነው። ደብዳቤው «3 ገጽ አባሪ ተያይዟል» የሚል ከሆነ ሦስቱም ገጾች መኖራቸውን መልእክተኛው ፊትህ ቆሞ ሳለ ታረጋግጣለህ፤ ከሄደ በኋላ «ሁለት ብቻ ነበር» ብትል የሚሰማህ የለም። ከዚያ በእሱ ማስረከቢያ ደብተር ላይ ስምህን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈህ ትፈርማለህ። የመልስ ጊዜ የተወሰነለት ደብዳቤ ሲሆን ወደፊት ክርክር የሚነሣው በዚያች ፊርማ ላይ ነውና ቀንና ሰዓት ሳትጽፍ በፍጹም አትፈርም። ቀጥሎ በራስህ ገቢ መዝገብ ላይ ተራ ቁጥር ትሰጠዋለህ፤ የደረሰበትን ቀን፣ የላከውን መሥሪያ ቤት፣ የደብዳቤውን የራሱን ቁጥርና ቀን፣ ጉዳዩን በአንድ መስመር፣ የአባሪውን ብዛት ታሰፍራለህ። ኃላፊው አንብበው ጠርዙ ላይ «ለሒሳብ ክፍል፣ መልስ ይዘጋጅ» ብለው ይመሩታል። አንተም ለሒሳብ ክፍል ወስደህ አስፈርመህ ትሰጣለህ።

ጀማሪ ረዳት እዚህ ላይ እጁን ያራግፋል። አንተ ግን በመዝገብህ ላይ ሁለት ዐምድ ጨምር፤ አንዱ «የተመራለት»፣ ሁለተኛው «መልስ የሚጠበቅበት ቀን» ይሁን። በየቀኑ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ከሁሉ በፊት ያንን ሁለተኛ ዐምድ ከላይ እስከ ታች በዓይንህ ውረድበት። ቀኑ የቀረበ ነገር ካለ ወደሚመለከተው ሰው ሄደህ በሰላምታ ጠይቅ። ሥራ አስኪያጁ በሳምንቱ «ያ የግብሩ ደብዳቤ ምን ደረሰ?» ሲሉ፣ «ማክሰኞ ለሒሳብ ክፍል አስፈርሜ ሰጥቻለሁ፤ ረቂቁ ዛሬ ከሰዓት ይደርሳል፤ የጊዜ ገደቡ ዓርብ ነው» ብለህ ወረቀት ሳታገላብጥ ከመለስክ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያ ቢሮ ውስጥ ያለህ ቦታ ይለወጣል። ኃላፊዎች ጭንቅላታቸው ውስጥ የተሸከሙትን ነገር የሚያወርድላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ፈጣን ታይፒስት በየመንገዱ አለ፤ ጉዳይ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው ግን ብርቅ ነው።

ወጪ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ቁጥርና ቀን ሳይሰጠው፣ ቀሪው (ቢሮ የሚቀመጠው ቅጂ) ሳይያዝ ከቢሮ የሚወጣ ወረቀት አይኑር። «ግልባጭ» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ በእርግጥ ለተጠቀሰው ክፍል መድረሱን ተከታተል፤ በወረቀት ላይ ግልባጭ የተደረገለት፣ በእጁ ግን ምንም ያልደረሰው ክፍል ስንትና ስንት ጠብ አስነሥቷል!

አሁን ወደ አጎትህ ነገር ልምጣ። «የሴት ሥራ ነው» የሚለው አነጋገር በአገራችን ታሪክ መሠረት የለውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አንዱ ሹመት የጽሕፈት ሚኒስትርነት ነበር፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱን ደብዳቤና ማኅተም ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ በዚያው ወንበር ተቀምጠው ከአገሪቱ ኃያላን አንዱ ሆነው ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ማኅተም የሚይዝ፣ ማን መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ምንጊዜም የታመነ ሰው ነው። በኋላ ዘመን ይህን ሥራ በየመሥሪያ ቤቱ ተሸክመው ያቆሙት ሴቶች ናቸው፤ ክብሩም የእነሱ ነው። አንተ ከእነሱ ልትማር ነው የምትገባው። በየቢሮው ያለች አንዲት አንጋፋ ጸሐፊ ከየትኛውም ሥልጠና የበለጠ ታስተምርሃለች፤ ካገኘሃት አክብረህ ያዛት።

ስለ ሻይም በግልጽ እንነጋገር። በትንሽ ድርጅት ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ቡና ማዘዝ፣ አንዳንዴም ራስህ ማቅረብ ይኖራል። በዚህ አትፈር። እንግዳ መቀበል የሥራው አካል ነው፤ የመጣውን ሰው ስሙን፣ ከየት እንደመጣና ጉዳዩን ጠይቀህ ለኃላፊው ቀድመህ ማስታወቅም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ሌላ ሥራ ከሌለህ ግን ተናገር። የሙከራ ጊዜህ ሲያልቅ መዝገቡንና ፋይሉን ካልሰጡህ ሌላ በር አንኳኳ፤ ስትለቅም በሰላም ልቀቅ።

«ከገባሁስ ምን ልማር?» ላልከው፣ በየማስታወቂያው «ወርድ፣ ኤክሴል፣ ኢንተርኔት» ተብሎ ስለሚጻፈው ብዙ አልልህም። እነሱን የግድ መቻል አለብህ፤ ለሒሳብ ተማሪ ኤክሴል እንግዳ አይሆንም። ኮሌጅ ውስጥ አጥብቀው የማያስተምሩትን፣ ቢሮ ውስጥ ግን በየቀኑ ሰው የሚያሰናክለውን ልንገርህ።

የመጀመሪያው የቀንና የሰዓት ነገር ነው። የቡና ድርጅት ከውጭ ገዢ ጋር ይጻጻፋል። ገዢው «ጃንዋሪ 11 ከሰዓት በኋላ በ3 ሰዓት በስልክ እንነጋገር» ብሎ ቢጽፍ፣ አንተ መጀመሪያ የምትጠይቀው በየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ነው። የኢትዮጵያን የሰዓት ቀጣና ማለቱ ከሆነ በሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ ላይ የምታሰፍረው ጥር 3፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ቀኑን ብቻ አስተካክለህ ሰዓቱን እንዳለ ብትተወው ሥራ አስኪያጁ ወይ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይጠብቃሉ ወይ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከቤታቸው ይነሣሉ። በተጨማሪም ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው፤ የአንድ ቀኑ ሽግሽግም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። የ2016 ዓ.ም. መባቻ እንዲህ ነበር፤ የ2020ም እንዲሁ ይሆናል። በእነዚያ ወራት ጃንዋሪ 11 ጥር 3 ሳይሆን ጥር 2 ነው። ውልና የባንክ ሰነድ ላይ ይህች አንድ ቀን ብዙ ታስከፍላለች። ስለዚህ ወደ ውጭ በሚሄድ ማንኛውም ጽሑፍ ላይ ሁለቱንም የቀን አቆጣጠር ጎን ለጎን የመጻፍ ልማድ ይኑርህ፤ ሰዓት ስትጽፍም «ጠዋት»፣ «ከቀኑ»፣ «ማታ» የሚለውን አትተው።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የሠራተኛ ወይም የደንበኛ ማህደር የሚደረደረው በራሱ ስም ነው። የውጭ ሰዎች ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠሩ ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡት ጉዳይ ይኸው ነው፦ አንዱ ሠራተኛ በራሱ ስምና በአያቱ ስም ሁለት ማህደር ይከፈትለታል፤ ፈቃድ የጠየቀበት ወረቀት አንዱ ውስጥ፣ ማስጠንቀቂያው ሌላው ውስጥ ይገባል። መፍትሔው በመታወቂያው ወይም በፓስፖርቱ ላይ ያለውን ስም ሦስቱንም ሙሉ በሙሉ፣ በአማርኛም በላቲንም እንደተጻፈው ገልብጦ መያዝ ነው። የላቲኑን ከጆሮህ አትጻፍ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ የፊደል ጣጣ አለ። ኮምፒውተር «ፀሐይ»ን እና «ጸሀይ»ን እንደ አንድ ቃል አያያቸውም። ፋይሉን ስታስቀምጥ በአንዱ ጽፈህ ስትፈልገው በሌላው ከጻፍክ «አልተገኘም» ይልሃል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ሁሉ እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ለፋይል ስም አንድ ወጥ ደንብ አውጣ፤ ለምሳሌ መጀመሪያ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በቁጥር፣ ከዚያ የደብዳቤው ቁጥር፣ ከዚያ ባጭሩ ጉዳዩ። ዓመቱን ካስቀደምክ ፋይሎቹ በራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ ፊደሉ ቢምታታ እንኳ በቁጥሩ ታገኘዋለህ። ደንቡን በአንድ ገጽ ጽፈህ ጠረጴዛህ አጠገብ ለጥፈው፤ አንተ በማትኖርበት ቀን ሌላ ሰው ፋይል እንዲያገኝ።

የግእዝ ፊደል አጻጻፍ ራሱም ይታሰብበት። ብዙ የቆየ ሰነድ በድሮዎቹ የቪዥዋል ግእዝና የፓወር ግእዝ ፊደሎች የተጻፈ ነው። ያንን ፊደል ያልጫነ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ደብዳቤው የተበታተነ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ በእሱ የተጻፈ ጽሑፍ በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ይነበባል። አዲስ ነገር ሁሉ በዩኒኮድ ጻፍ፤ በኢሜይል የሚሄድ ኦፊሴላዊ ደብዳቤ ደግሞ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረህ ላክ። የቆዩትን አስፈላጊ ሰነዶች አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ፊደል ብታዛውር ማንም ባያዝህም የድርጅቱን ታሪክ አዳንክ ማለት ነው።

ስለ ማኅተም የምለው ጥቂት ነው፤ ግን ከሁሉ ይከብዳል። በባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም አትምታ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው «መንገድ ልሄድ ነው፤ አምስት ወረቀት ላይ ፈርሜአለሁ፣ አትምበትና አስቀምጠው» ቢሉህም «የሚጻፈው ሲታወቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ አደርሳለሁ» በልና አሳልፈው። በአገራችን ወረቀት የሚታመነው በማኅተሙ ነው፤ ያ ባዶ ወረቀት ክፉ እጅ የገባ ቀን የመጀመሪያው ተጠያቂ ማኅተሙን የያዘው ነው። ማኅተሙንና የኃላፊውን ቲተር (ስማቸውና ሹመታቸው የሚታተምበትን) በተለያየ ቦታ ቆልፍ። በደብዳቤ ውስጥ ያነበብከውን ደግሞ ለእናትህም ቢሆን አታውራ። ሐዋሳ ትልቅ ከተማ ሆናለች ግን ወሬ አሁንም ከፒያሳ አቶቴ ለመድረስ ታክሲ አይጠብቅም፤ በተለይ የቡና ዋጋ ወሬ።

ቡናን ካነሣን፣ አንተ ከሌላው ረዳት የምትበልጥበት ቦታ እዚህ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የለቀማ ወቅት ከቤንሳ፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከዳሌ በኩል የሚመጣ ጭነት ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው፦ መሸኛ፣ የሚዛን ወረቀት፣ የአቅራቢው ሰነድ፣ የጫኙ ሒሳብ። ገበሬው በፈረሱላ ይናገራል፤ ፈረሱላው 17 ኪሎ ነው። መጋዘኑ በኩንታል ይመዘግባል። የውጭ ገዢው ዋጋውን በፓውንድ ይጠራል፤ ያው ፈረሱላ 37.5 ፓውንድ ያህል መሆኑ ነው። ሦስቱን መለኪያ በአንድ የኤክሴል ገጽ አስማምቶ የያዘ የቢሮ ረዳት ሒሳብ ክፍሉም ንግድ ክፍሉም የሚፈልገው ሰው ይሆናል። ከአስተዳደሩ የጥቃቅን ወጪ ገንዘብ እንዲሰጥህም ጠይቅ። በየቀኑ ማታ ደረሰኙንና በእጅህ የቀረውን ብር ደምረህ ከተሰጠህ ገንዘብ ጋር ካስተያየኸው፣ የተማርከው ሒሳብ እየዛገ አይሄድም፤ የሥራ ልምድም ይሆንሃል።

ቋንቋ ላይ ቸል አትበል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ከክልሉ ቢሮዎች የሚመጣን ደብዳቤ አንብበህ ካልተረዳህ ክትትልህ ግማሽ ነው። የቀድሞው የደቡብ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲፈርስ ብዙ መሥሪያ ቤት ከከተማችን ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ሆሳዕና ሄዷል፤ እዚህ የቀረው የመንግሥት ሥራ በአብዛኛው ሲዳሙ አፎ ለሚጽፍ ሰው የተከፈተ ነው። ቋንቋውን በጆሮህ የምታውቀው ከሆነ መጻፉን ተማር። አማርኛህን አጥራ፤ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ማን ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚፈጽመውና እስከ መቼ እንደሆነ ለይተህ ጻፍ። እንግሊዝኛ ለኢሜይል የሚበቃህ ያህል ይኑርህ። አጭር፣ ያልተወሳሰበ፣ ስሕተት የሌለበት አንድ አንቀጽ መጻፍ ከቻልክ ይበቃል።

አሁን ወደ ውሉ። የግል ድርጅት ስለሆነ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። በጽሑፍ የተዘጋጀ ውል ባይሰጡህ እንኳ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ፊርማ ያለበት ወረቀት በ15 ቀን ውስጥ ሊሰጡህ ይገባል። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። በለቀማ ወቅት ማታ ድረስ ማምሸትህ አይቀርምና፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እስከ ማታ 4 ሰዓት ድረስ ከመደበኛው የሰዓት ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ መሆኑን እወቅ። የመጀመሪያ ዓመት የዕረፍት ፈቃድህ 16 የሥራ ቀናት ነው። ለጡረታ ከደመወዝህ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ጡረታና ግብር ሳይቆረጥ «በእጅህ እንስጥህ» ካሉህ ጥቅም እንዳይመስልህ። ነገ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ለመግባት ብታመለክት፣ ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲቀርብ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ይጠይቁሃል። ያልተከፈለበት ዓመት እንዳልሠራህበት ይቆጠራል።

በውሉ ላይ የሥራ ዝርዝርህ በጽሑፍ ይግባ፤ «የቢሮ ረዳት» ብሎ ብቻ ከሚያልፍ ይልቅ የደብዳቤ ምዝገባ፣ የማህደር አያያዝ፣ የጥቃቅን ወጪ ሒሳብ የሚሉት ቢጠቀሱ የሥራ ልምድ ወረቀትህ ወደ አስተዳደርም ወደ ሒሳብም በር ይከፍትልሃል። ሰኞ ዕለት በደመወዙ ላይ ብዙ ከመከራከር በዚህ ላይ ጠንክር። ደመወዙን በተመለከተ «የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ እንነጋገርበት» በልና እሱንም በጽሑፍ አስገባው። ሥራውን ያገኘልህ ደላላ ካለ ደግሞ ከደመወዝህ ድርሻ ልስጥ ብለህ ምንም ወረቀት አትፈርም።

ይህን ለምታነቡ እህቶችም አንድ ነገር ልበል፤ ጠያቂው ወንድም ቢሆን የዚህን ሙያ ሸክም በብዛት የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ለቃለ መጠይቅ ከቢሮ ውጭ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ወይም ሆቴል ክፍል ውስጥ ኑ የሚል ሰው ሥራ የለውም። በሥራ ላይ የሚደርስ ወሲባዊ ትንኮሳ በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው፤ ሠራተኛዋም ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ ካሣ የመጠየቅ መብት አላት። መልእክት ከተላከባችሁ አታጥፉት፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ፤ ለምታምኑት ሰው በዚያው ቀን ንገሩ።

የት ያደርሰኛል ላልከው፣ መንገዱ አንድ አይደለም። በአንድ በኩል ከረዳትነት ወደ ጸሐፊነት፣ ከዚያ የዋናው ኃላፊ ኤክስኪዩቲቭ ሴክሬታሪ ወደ መሆን ይሄዳል፤ በባንክ፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በረድኤት ድርጅትና በትልልቅ ሆቴሎች ይህ የተከበረ ቦታ ነው። በሌላ በኩል በድርጅቱ ውስጥ ወደ ሰው ኃይል፣ ወደ ግዥ ወይም ወደ ንብረት አስተዳደር ይታጠፋል፤ ሁሉም ክፍሎች ወረቀታቸው በእጅህ ስላለፈ ሥራቸውን ከውጭ ሆነህ ታውቀዋለህ። ለአንተ በጣም ቅርብ የምለው ሦስተኛውን ነው፤ በትንሽ ድርጅት ውስጥ አስተዳደርንና ሒሳብን አንድ ላይ የሚይዝ ሰው መሆን። በቡና ንግድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ አይለቀቅም። ሁለት የለቀማ ወቅት እዚያው ሥራ፤ በመጀመሪያው ሥራውን ታያለህ፣ በሁለተኛው ትመራዋለህ። ከሁለተኛው በኋላ ቦታህም ደመወዝህም ካልተነቃነቀ፣ የሥራ ልምድህን ይዘህ ሌላ ቦታ አመልክት። የሥራ ልምድ ወረቀት በጠየቅክ ጊዜ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

የማታ ትምህርቱን በተመለከተ፣ የጽሕፈትና ቢሮ አስተዳደር ደረጃዎችን እንደገና ከታች መጀመር ለአንተ አይመከርም። ደረጃ 4 አለህ፤ ከጽሕፈት ሥልጠና የሚያስፈልግህ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ታይፕ ፍጥነትና የማህደር አያያዝ ነው፤ ይህን በአጭር ሥልጠናና በሥራ ላይ ታገኘዋለህ። ዲግሪውን ግን በሒሳብ አያያዝ ወይም በቢዝነስ አስተዳደር ቀጥል። የመጀመሪያውን የለቀማ ወቅት አሳልፈህ፣ ቢሮው የሚያመሽበትን ሰዓት ካወቅክ በኋላ ተመዝገብ። ከመመዝገብህ በፊት ኮሌጁ በዚያ ትምህርት ዘርፍ ዕውቅና እንዳለው የዕውቅና ወረቀቱን አሳዩኝ ብለህ በዓይንህ እይ፤ ዘርፉና የትምህርት ደረጃው በስም ተጠቅሶ ካላየህ አትክፈል።